አምስት ጊዜ የታደሰ ውል፣ ከዚያ «ፍሪላንስ ሁን»

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ሶፍትዌር ድርጅት ሞባይል ዴቨሎፐር ነኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሠራለሁ፤ ጠቅላላ ደመወዜ 24,000 ብር ነው። ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ ያሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚጠቀሙበትን መተግበሪያ፣ የሁለት ሆቴሎችን ክፍል ማስያዣና የአንድ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ የምጠግነውም የማሻሽለውም እኔ ነኝ። 2 ዓመት ከ4 ወር የቆየሁት በአምስት ውል ነው፤ አራቱ የ6 ወር፣ የመጨረሻው የ4 ወር። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ወረቀት ላይ የ8 ቀን ክፍተት አለ፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። የአሁኑ ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ ‹ፕሮጀክቱ አልቋል፣ አናድስም፤ መልቀቂያ አስገባና ንግድ ፈቃድ አውጥተህ በዚያው ክፍያ ፍሪላንስ ቀጥል› አለኝ። ጡረታ ተቆርጦልኝ አያውቅም። ጥር ላይ የቢሮው የኢንተርኔት መስመር ተበጥሶ ሥራ 3 ሳምንት ሲቆም ደመወዝ አልከፈሉንም። ሌሊትም እሑድም ሰርቨር ሲወድቅ የምጠራው እኔ ነኝ። አንዱ ጓደኛዬ 45 ቀን ካለፈህ ቋሚ ነህ ይላል፤ ሌላው ሁለት ጊዜ ከታደሰ በራሱ ቋሚ ይሆናል ይላል። ቋሚ ነኝ? ልፈርም?»

መልስ፦ መልቀቂያ አያስገቡ፤ የፍሪላንሱንም ውል በዚህ መልኩ አይፈርሙ። ጓደኞችዎ የሚሉት ውጤቱ ላይ ቢቀራረብም ምክንያቱ ስህተት ነው። የተሳሳተ ምክንያት ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ደግሞ ትክክለኛ ጉዳይ እያለው ሊሸነፍ ይችላል።

45 ቀን የሚባለው ከድሮው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የቀረ ነው። በዚያ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን አይበልጥም ነበር። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጣሪያውን 60 የሥራ ቀን አድርጎታል። በሁለቱም ሕጎች ግን የሙከራ ጊዜ ማለቅ የውሉን ዓይነት አይቀይርም። ለ6 ወር የተቀጠረ ሰው ሙከራውን ሲጨርስ ሙከራውን የጨረሰ የ6 ወር ተቀጣሪ ነው፤ በቃ። በአዲሱ አዋጅ ሌላ 45 ቀን ስላለ ግራ መጋባቱ ባይገርምም፣ እሱ አንድ ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለቆ የሥራ መደቡ ክፍት ሲሆን ወይም አዲስ መዋቅር ተጠንቶ እስኪተገበር ድረስ በጊዜያዊነት የሚመደበውን ሰው የሚመለከት ነው። እንዲህ ያለ ቅጥር ከ45 ተከታታይ ቀን አያልፍም፣ የሚፈጸመውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

«ሁለት ጊዜ ከታደሰ» የሚለውም አዋጁ ውስጥ የለም። ሕጋችን የእድሳት ቁጥር አልወሰነም። አሥር ጊዜ ታድሶ በትክክል የተወሰነ ጊዜ ውል ሆኖ የሚቀር ሥራ አለ፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን ላልተወሰነ ጊዜ (በተለምዶ «ቋሚ» በሚባለው መልኩ) እንደተደረገ የሚቆጠርም አለ። የሚለያቸው የሥራው ጠባይ ነው።

አንቀጽ 9 መነሻውን ያስቀምጣል፦ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ አንቀጽ 10 የዘረዘራቸው ብቻ ሲቀሩ። ስለዚህ አሠሪዎ ወረቀቱ ላይ «6 ወር» ብሎ መጻፉ አይበቃውም፤ ሥራው ከአንቀጽ 10 በአንዱ ስር መግባቱን ማሳየት አለበት። ዝርዝሩ ረጅም አይደለም፦ ሠራተኛው የተቀጠረበት የተለየ ቁርጥ ሥራ፣ በሕመም ወይም በፈቃድ የቀረን ሰው መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት፣ ጉዳት ለመከላከል የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ ከላይ ያነሳናቸው የ45 ቀን ቅጥሮችና የመሳሰሉት። ቡሬ አካባቢ በርበሬ ሲደርስ ለለቀማ የሚቀጠር ሰው ወቅታዊ ሠራተኛ ነው፤ በርበሬው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፣ ማንም አይከራከርም። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲጨናነቅ ለመስከረም ብቻ ሁለት የመረጃ አስገቢዎች የሚቀጥር ሶፍትዌር ድርጅትም ሕጉን አልጣሰም።

ከእነዚህ ውስጥ አሠሪዎ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ «ለፕሮጀክት ነው የተቀጠረው» ይላል። በቴክኖሎጂ ሥራ «ፕሮጀክት» የማይባል ነገር ስለሌለ ቃሉ ብዙ ይሸፍናል። አንድ መተግበሪያ ከባዶ ሠርተህ ለደንበኛው አስረክብ ተብሎ የተቀጠረ፣ አስረክቦ የጨረሰ ሰው በእርግጥ ቁርጥ ሥራ ነበረው፤ ሲያስረክብ ውሉ ቢቋረጥ ካሳ መጠየቂያ የለውም። የእርስዎ ግን ሌላ ነው። ደንበኞች በየወሩ የሚከፍሉበትን ሥርዓት ነው የሚጠግኑት። ሰኞ የአንዱ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ የወለድ ስሌት አልዘጋ ብሏት ትደውላለች፤ ማክሰኞ አንድሮይድ አዲስ ስሪት አውጥቶ ማሳወቂያው መድረስ ያቆማል፤ ረቡዕ አዲስ ተቀጣሪ ያሠለጥናሉ፤ ሐሙስ ለሆቴሉ አዲስ የክፍያ መንገድ ይገጥማሉ። ይህ የድርጅቱ የዕለት ከዕለት እንጀራ ነው። ሰኔ 30 አልፎ ሐምሌ 1 ሲነጋ ይኸው ሥራ በሌላ ሰው እጅ ወይም «ፍሪላንስ» በሚል ስም በእርስዎው እጅ የሚቀጥል ከሆነ «አልቋል» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። ደግሞ ሥራ አስኪያጁ «በዚያው ክፍያ ቀጥል» ሲል ሥራው አለመቋረጡን በራሱ አፍ መስክሯል። ቢቻል በቴሌግራም እንዲደግመው ያድርጉ።

ስም ለውጦ ሠራተኛን ከመዝገብ ማውጣት ባሕር ዳር ላይ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም። ማይክሮሶፍት በአሜሪካ «ፍሪላንሰር» እና «ጊዜያዊ» እያለ ለዓመታት ያሠራቸው ሰዎች ከሰውት፣ በ2000 (እ.ኤ.አ.) 97 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው ጉዳዩ የተዘጋው። የዚያ አገር ሕግ እዚህ ባይሠራም ክርክሩ አንድ ነው፦ አብረው ተቀምጠው፣ በአንድ አለቃ እየታዘዙ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በደረት መታወቂያቸው ቀለም ብቻ ይለያሉ ወይ?

የእኛም አዋጅ በራሱ የንግድ ኃላፊነት ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ በዋጋ ተስማምቶ ሥራ የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ አውጥቷል፤ የፍሪላንሱ ወረቀት እርስዎን ሊያስገባ የፈለገው እዚያ ነው። እውነተኛ ፍሪላንሰር ግን የሥራ ሰዓቱን ራሱ ይወስናል፣ በራሱ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ዋጋውን ራሱ ያቀርባል፣ ሌላ ደንበኛም ይይዛል፤ ሥራው ቢበላሽ ኪሳራው የራሱ ነው። ጠዋት 2:30 ፊርማ የሚፈርም፣ በድርጅቱ ላፕቶፕ የሚሠራ፣ ለመቅረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ንግድ ፈቃድ ቢኖረውም ተቀጣሪ ነው። እስካሁን በደመወዝ ገቢ ግብር ሠንጠረዥ ተቆርጦብዎ ከነበረም የደመወዝ ወረቀቶቹን ያውጡ። ድርጅቱ ለገቢዎች «ሠራተኛዬ ነው» ብሎ ካስታወቀ በኋላ ለፍርድ ቤት «አይደለም» ማለት ይከብደዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አሠሪዎ የግል ድርጅት ወይም የመንግሥት የልማት ድርጅት ሲሆን ነው። ይህንኑ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ ወይም በክልል ቢሮ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል በኮንትራት የሚሠራ ሰው ካነበበው፣ የእሱ ጉዳይ የሚታየው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ እንጂ በ1156 አይደለምና መልሱ ይለያል። የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። «ቲም ሊድ» የሚል ማዕረግ ብቻውን ግን የሥራ መሪ አያደርግም፤ መቅጠር፣ ማሰናበት፣ ማዛወር የሚያስችል ሥልጣን በእውነት ከሌለዎት ማዕረጉ ጌጥ ነው። ከክርክር በፊት እንዲህ ያለ ማዕረግ በደብዳቤ ቢመጣልዎ ግን ለምን እንደመጣ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ማስረጃው። ጉዳዩ የሚረታውም የሚሸነፈውም እዚህ ነው። ያ የ8 ቀን ክፍተት ዋና መከላከያቸው ይሆናል፤ «ውሉ ተቋርጦ ነበር፣ በአዲስ ቅጥር ነው የገባው» ይላሉ። እነዚያን 8 ቀኖች የሚሞላልዎ የጊት (ማን፣ መቼ ኮዱን እንደቀየረ የሚመዘግበው ሥርዓት) መዝገብ ነው። ስምዎን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳየውን ዝርዝር ብቻ ያትሙ። ኮዱን አይቅዱ፤ የደንበኛ መረጃ ፍላሽ ላይ አይጫኑ። ኮዱ የእርስዎ ንብረት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የተለየ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት አሠሪው ወይም ያሠራው ነው። ኮድ ይዞ መውጣት ዛሬ ያለ ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት፣ ነገ ለክስ በር ይከፍታል።

የሰዓት ጉዳይ ብዙዎችን ያዋርዳል። ጊት ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከ0 እስከ 24 ይጽፋል፤ 20:14 ማለት ከምሽቱ 2:14 ነው። የሰርቨር መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚቀመጥ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ 20:14 የተባለው እዚህ ከምሽቱ 5:14 ነው። ይህችን ካልለዩ የትርፍ ሰዓት ስሌትዎ በሙሉ ይዛባል፤ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ተመኑ ይቀየራልና። በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሰው ከሕትመቱ ፊት ያያይዙ። ዳኛው ይህን ራሱ እንዲያሰላ አይተዉበት። «ሰርቨሩ ወድቋል ቶሎ ግባ» የሚሉ የቴሌግራም መልእክቶችንም የላኪው ስምና ቀኑ እንዲታይ አድርገው ይያዙ። ድርጅቱ ከሰኔ 30 በኋላ በሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች ላይ «ሞባይል ዴቨሎፐር እንፈልጋለን» ብሎ ቢለጥፍ በዚያው ሰዓት ያስቀምጡት፤ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኙም።

ስለ ገንዘቡ ቁርጡን እንነጋገር። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ሊመልስዎ ወይም በምትኩ ካሳ ሊወስን ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ውል ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፤ በእርስዎ 6 ወር፣ 144,000 ብር። ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ለሠራ ሰው የማስጠንቀቂያው ጊዜ 2 ወር ስለሆነ ሌላ 48,000። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሦስተኛው እየተጨመረ ይሄዳል፤ 24,000 ሲደመር 8,000 ሲደመር ለ4 ወሩ 2,667 ብር፣ በድምሩ 34,667። ያልወሰዱት የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰባል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ የኮንትራት ሠራተኛም ያገኘዋል። ዕረፍቱን ሳይቆጥሩ 226,667 ብር ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ውሉን የተወሰነ ጊዜ ነው ቢልና ሰኔ 30 ላይ በጊዜው አለቀ ብሎ ቢቀበል ግን ከካሳው፣ ከማስጠንቀቂያውና ከስንብቱ አንዱንም አያገኙም። ክርክሩ በሁለቱ መካከል ነው፤ ስለ ሥራው ጠባይ የሚያቀርቡት ማስረጃ ነው የሚወስነው።

ጥር ላይ የቀረችው ደመወዝ ለብቻዋ የቆመች ጥያቄ ናት። አዋጁ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ፣ ወይም በእሱ ባልሆነ ምክንያት ያልሠራ ሠራተኛ ደመወዙን ያገኛል ይላል። ለሶፍትዌር ሠራተኛ የኢንተርኔት መስመር ለአናጢ መጋዝ እንደማለት ነው። አሠሪው «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችል ነበር፤ ያ ግን ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የቆመ መሆኑን፣ ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀን ውስጥም ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ያላሳወቀ አሠሪ «አግጄ ነበር» ሊል አይችልም። በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ 18 ቀኑ ወደ 16,615 ብር ይመጣል።

የሌሊቱና የእሑዱም እንዲሁ። በወር 208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓትዎ 115 ብር ከ38 ሳንቲም ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። እሑድ የተሠራች አንዲት ሰዓት 230 ብር ከ77 ሳንቲም ናት። ችግሩ ይርጋው ነው፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይታገዳል። ከ28 ወር የሌሊት ሥራዎ ውስጥ ሊጠይቁ የሚችሉት የመጨረሻዎቹን 6 ወራት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የዝምታ ወር አንድ ወር ይበላል። የጥር ደመወዝ ጥር 30 መከፈል ስለነበረበት ሐምሌ 30 ይሞታል።

ጡረታን በተመለከተ የሠራተኛው ድርሻ 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ በእርስዎ ደመወዝ 1,680 እና 2,640 ብር በየወሩ። የ11 በመቶው ነገር ብዙ ጊዜ ለ«ፍሪላንስ ሁን» ትክክለኛው ምክንያት ነው። ተቀጣሪ መሆንዎ በፍርድ ሲረጋገጥ የመዋጮው ጥያቄ አብሮ ይነሳል። ይህ ገንዘብ ግን በእጅ የሚሰጥ ስላልሆነ ከድርድር ሒሳብ ውስጥ አያስገቡት።

ታዲያ ፍሪላንስ ጨርሶ አይሆንም? ይሆናል፤ «በዚያው ክፍያ» ግን አይሆንም። 24,000 ላይ አሠሪው መክፈል የነበረበትን 2,640 ይጨምሩ፤ 26,640። በሳምንት 6 ቀን በዓመት 312 የሥራ ቀን ነው፤ 16 ቀን ዕረፍትና ወደ 12 የሚጠጉ በዓላት ከአሁን በኋላ በራስዎ ኪሳራ ስለሚሆኑ የሚያስከፍሉበት 284 ቀን ይቀራል፤ በዚህ ሲስተካከል 29,300 ገደማ ይሆናል። በዓመት አንድ ወር ያለ ሥራ መቆየት ደግሞ የፍሪላንስ ጥቂቱ ነው፤ እሱን ሲያካትቱ 32,000 ይጠጋል። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የሕመም ቀን ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ከ32,000 በታች የሆነ የፍሪላንስ ዋጋ ሁሉ የደመወዝ ቅነሳ ነው። በተጨማሪም ግብርዎን በራስዎ አስታውቀው የሚከፍሉ ነጋዴ ይሆናሉ፤ ሰርቨሩ እሑድ ቢወድቅ የማን ጥፋት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት መመለስ እንዳለበት፣ ቢዘገይ ቅጣት እንዳለ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ካልወጣ አደጋው በእርስዎ ላይ ነው።

የመልቀቂያዋን ነገር በተለይ ይጠንቀቁ። አሠሪዎች «ክሊራንስ እንድንሰጥህ» እያሉ የሚያስጽፏት ሁለት መስመር ከአምስቱም ውል ትበልጣለች፤ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ሕገ ወጥ ስንብት ብሎ መክሰስ አይችልም። «ከድርጅቱ የምፈልገው ምንም ክፍያ የለም» የሚል ቅጽ ቢያቀርቡልዎ ግን ሳይፈርሙ ቢቀሩ ይሻላል እንጂ ቢፈርሙም ሁሉ አልጠፋም። በአንቀጽ 25 መሠረት በስምምነት ውል ሲቋረጥም ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት መተዉ አይጸናም።

ቋሚ መባል ምን እንደማይሰጥም ይወቁ። ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ዴቨሎፐር የደንበኛ ቁጥር ቀንሶ ሥራ ሲያንስ፣ ወይም ድርጅቱ ምርታማነትን ለማሳደግ የሥራ ዘዴ ሲለውጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ሲያስገባ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ መጻፍ በጀመረበት ዘመን ይህች አንቀጽ ብዙ ትጠቀሳለች። የቅነሳ ሥርዓት በሚያስፈልግበት ጊዜም (ቢያንስ 10 በመቶው ሠራተኛ፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ) የ2 ወር ማስጠንቀቂያና ከስንብቱ በላይ የ60 ቀን ደመወዝ አለ። ቋሚነት አሠሪው ምክንያቱን ጠርቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከፍሎ እንዲያሰናብት ነው የሚያስገድደው።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ከሰኔ 15 በፊት አንድ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ ሳያቋርጡ የድርጅቱን ዘወትራዊ ሥራ እየሠሩ መሆንዎን፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 9 መሠረት ውልዎ ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑ እንዲረጋገጥልዎ፣ ከሰኔ 30 በኋላም ለመሥራት ዝግጁ መሆንዎን ይግለጹ። ስድብ፣ ምሬት፣ ማስፈራሪያ አይግባበት። በሁለት ቅጂ ወስደው በአንዱ ላይ «ደርሷል» ብለው ቀንና ማኅተም ያስደርጉ፤ ጸሐፊዋ አልቀበልም ካለች በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩትና ደረሰኙን ይያዙ። ሐምሌ 1 በተለመደው ሰዓት ቢሮ ይሂዱ። ካስገቡዎትና ሥራ ከሰጡዎት ይሥሩ፤ ዘበኛው ከመለሰዎት አብሮዎት የነበረ ሰው ስም፣ ሰዓቱና ዘበኛው ያለው ይጻፍ።

ድርድር ከመጣ ሁለት መውጫ ብቻ ይቀበሉ። አንዱ የመጀመሪያ ቅጥር ቀንዎ የተጻፈበት ላልተወሰነ ጊዜ ውል ነው። ሁለተኛው የእስካሁኑ አገልግሎት የስንብትና የዕረፍት ክፍያ በጽሑፍ ተዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 32,000 ብር የሚከፍል እውነተኛ የአገልግሎት ውል ነው። «ለአሁኑ ፈርም፣ መስከረም ላይ እናስተካክላለን» የሚል የቃል ተስፋ ይርጋን አያቆምም።

ካልተስማሙ በሐምሌ ክስ ያቅርቡ። ወደ ሥራ መመለስ የሚጠየቀው ስንብቱ በተፈጸመ በ3 ወር ውስጥ፣ ከስንብቱ የሚመነጭ ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ነው። ሰኔ 30 የተሰናበተ ሰው ሦስት ወሩ መስከረም መጨረሻ ላይ ይሞላበታል፤ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ነሐሴና መስከረምን በክረምት ዕረፍት ያሳልፋሉ። «ሲከፈት እገባለሁ» ያለ ሰው ጥቅምት ላይ የሚያገኘው ይርጋ ነው። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አዋጁ ውሳኔው በ60 ቀን እንዲሰጥ ቢያዝም በተግባር ሊረዝም ስለሚችል ቢያንስ የአራት አምስት ወር ወጪዎን ያስቡ፤ በመሐል ሌላ ሥራ መያዝ መብትዎን አያጠፋም። ጠበቃ ካልቻሉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ ሕግ ድጋፍ አለ። አቤቱታው ላይ ወደ ሥራ መመለስን በቀዳሚነት፣ ካሳን በአማራጭ ይጠይቁ። ምክሬ ግን በልብዎ ካሳውን እንዲይዙ ነው። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል በሚቀመጥበት ቢሮ ክስ መሥርቶ የተመለሰ ሰው ኑሮ አይኖረውም፤ ፍርድ ቤቱም ግንኙነቱ ሻክሯል ብሎ ካመነ በካሳ እንዲለያዩ መወሰን ይችላል።

ሲወጡ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቁ፤ የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ ጽፎ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፣ ክስ መመሥረትዎ አይከለክለውም። የሚገባዎት ክፍያም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ላፕቶፑን በመለያ ቁጥሩ፣ ቻርጀሩን፣ ሲም ካርዱን፣ የሰርቨርና የፕሌይ ስቶር አካውንቶችን ዝርዝር በጽሑፍ ያስረክቡና ያስፈርሙ። ከራስዎ ስልክ ከሁሉም አካውንት ይውጡ፤ የይለፍ ቃሉ እንዲቀየርም በዚያው ወረቀት ላይ ይጠይቁ። ከዚያች ቀን በኋላ በለመዱት የይለፍ ቃል «አንዲት ሎግ ብቻ ልይ» ብሎ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መድረስ ነው፤ የሚያስፈልግዎትን ሕትመት ሁሉ ሰኔ ሳያልቅ፣ ገና ሠራተኛ ሆነው ሳለ ያውጡ።